ያልተከፈቱት ሰባት ካርቶኖች

ገዳሪፍ፣ ሱዳን፣ ጥቅምት 9 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለእህቴ ለሣህሊቱ ልጅ፣ ለተወደድከው ለትግሉ፤

ሰላምታዬ ካለህበት አገር ድረስ ይምጣልህ። እንደምን ሰንብተሃል? ብርዱንስ ለመድከው? እኔ በመድኃኔ ዓለም ቸርነት ከጉልበቴ በቀር ደህና ነኝ። የእናትህን ነፍስ ይማርና፣ እኔና እሷ የአክስትና የአክስት ልጆች ብንሆንም ያደግነው በአንድ ቤት ነውና እንደ ባዕድ አትቁጠረኝ። ባለቤቴ ጋሼህ ስንሻው ካረፈ ሁለት ዓመት አለፈው። አፈሩን ያቅልልለት።

የምጽፍልህ በምክንያት ነው። ጦርነቱ ከሲንጃ ከተማ ያፈናቀላቸው ሰዎች እኔ ቤት ገብተዋል። ሰሀር ትባላለች፤ ፋርማሲስት ናት፤ ከእናቷና ከሦስት ልጆቿ ጋር ነው የመጣችው። ማረፊያ ሲጠበን ስንሻው የኤሌክትሮኒክስ ሱቁን ትርፍራፊ ቆልፎበት የኖረውን ጓዳ ከፈትነው። የተሰበረ ቴሌቪዥን፣ የቴፕ ሞተር፣ የአይጥ ኩስ። ከሁሉ ሥር በናፍታሊን መሐል ሰባት የጌም ካርቶን ተገኘ። እኛ እዚህ አታሪ የምንለው ነው፤ በቴሌቪዥን እየሰኩ ልጆች የሚጫወቱበት ያ ካሴት። ላስቲኩ እንኳ አልተነካም። ልጥለው ስል ሰሀር፣ ኻልቲ፣ አክስቴ ማለት ነው፣ እያለች ነው የምትጠራኝ፣ እጄን ያዘችኝ።

«ኻልቲ፣ ምን ልታደርጊ ነው? ይህንን ውጭ አገር ያሉ ሰዎች እንደ ወርቅ ይፈልጉታል። ግን ከፋብሪካ እንደታሸገ የቆየ ከሆነ ብቻ ነው» አለች።

እንግዲህ አንተ ካለህበት የሚያውቅ ሰው ካለ ጠይቅልኝ። ፋብሪካ ያሸገው መሆኑ በምን ይታወቃል? የሰው እጅ ያሸገው ከሆነስ ይለያል? ይህንን ሁለተኛውን በተለይ ጠይቅልኝ። በእጄ የጻፍኩትንም የካርቶኖቹንም ፎቶ ሰሀር በስልኳ ትልክልሃለች፤ ሸበካው፣ ኔትወርኩ ማለቴ ነው፣ የመጣ ቀን።

እግዚአብሔር ከክፉ ሁሉ ይሸፍንህ።

እናትህ ማሬ


ጎተንበርግ፣ ስዊድን፣ ጥቅምት 13 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማሬ፤

ለጤናዎ እንደምን አሉ? እኔ እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ። አሁንም የሆስፒታሉ ልብስ ማጠቢያ ውስጥ ነኝ፤ ሥራው ሙቀት ስላለው ብርዱን እዚያ እረሳዋለሁ። የጋሼ ስንሻውን ነፍስ ይማር። በልጅነቴ እዚያው ገዳሪፍ ሱቁ በር ላይ ቆሜ ቴሌቪዥን ያየሁበትን ጊዜ አልረሳውም።

ፎቶው ሲደርሰኝ ወዲያው ወደ ፀጋይ ሮጥኩ። ፀጋይ በሱዳኗ ከሰላ ከተማ ተወልዶ ያደገ ጓደኛዬ ነው፤ እዚህ የድሮ ጌሞች የሚገዛና የሚሸጥበት ትንሽ ሱቅ አለው። ፎቶውን ሲያይ ከወንበሩ ተነሳ። «ይህ ገዳሪፍ ምን ይሠራል?» አለኝ። 

እትዬ፣ እባክዎ እንዳይከፍቱት። ከተከፈተ ዋጋው ወድቆ ተራ እቃ ይሆናል። አሁን ጀርባውን ገልብጠው ይዩልኝ። ፀጋይ እንደሚለው የእነዚህ ካርቶኖች የፋብሪካ ላስቲክ በጀርባው መሐል አግድም የሚያልፍ የሙቀት ስፌት አለው። ግራና ቀኝ ካሉት ሁለት ቋሚ ስፌቶች ጋር ሲገናኝ ልክ የኛን «ዘ» ይመስላል። በኋላ የሚያሽጉ አጭበርባሪዎች ግን ላስቲኩን እንደ ከረጢት ያጠልቁና በሙቀት ይቆርጡታል፤ ስፌታቸው በካርቶኑ ጠርዝ በኩል ይሄዳል። በመርፌ የተወጋ የሚመስል የአየር ማስወጫ ቀዳዳም ይኖረዋል። ደግሞ ማዕዘኑ የተጨፈለቀ ካርቶን ላይ ላስቲኩ ምንም ሳይሆን ከተገኘ ያጠራጥራል፤ ካርቶኑ ሲመታ ላስቲኩ የት ነበር?

ከላስቲኩ ሥር ፀጉር፣ የጣት አሻራ፣ ወረቀት፣ ያዩትን ሁሉ ይጻፉልኝ። ትንሽ የሚመስለው ነገር ነው የሚፈርደው ይላል ፀጋይ።

በጸሎትዎ አይርሱኝ።

ልጅዎ ትግሉ


ገዳሪፍ፣ ኅዳር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትግሉ፤

ሰላም ላንተ ይሁን። ዘገየሁብህ። ሸበካው ጠፍቶ ከረመ፤ ሰሀርም ሲንጃ ተለቀቀች የሚል ወሬ ከሰማች ወዲህ ልሂድ ልቅር እያለች ራሷን አታውቅም። ከገዚራም ሰው እየጎረፈ ነው። ግቢያችን አሥራ አራት ሆነናል።

ያልከኝን አየሁ። አራቱ በጀርባቸው «ዘ» አላቸው። ሦስቱ የላቸውም፤ ስፌታቸው በጠርዝ ነው። የመርፌ ቀዳዳ ያልከውን ፈልጌ አንዱ ላይ ያገኘሁ መሰለኝና በባትሪ ሳየው የዝንብ ኩስ ሆኖ ተገኘ። ማዕዘኑ የተጨፈለቀ ሁለት አለ፤ አንደኛው ከባለ «ዘ»ዎቹ ነው፣ አንደኛው ከሌሎቹ። ታዲያ ይህ የሚፈርደው ለማን ነው?

ሌላ ደግሞ ልንገርህ። ከባለ «ዘ»ዎቹ በአንዱ ላይ የዋጋ ወረቀት አለ፤ ከላስቲኩ በላይ ሳይሆን ከሥር። በዐረብኛ ቁጥር የተጻፈ ነው። ጽሕፈቱ የስንሻው ነው። ሰባት ቁጥርን ሲጽፍ ጫፏን ወደ ላይ ይሰብራት ነበር፤ አውቃታለሁ።

ሌላም ልጽፍልህ ያሰብኩት ነበር። ዛሬ ይቅር። ጉልበቴም ደከመኝ።

ቸር ያሰማን።

ማሬ


ጎተንበርግ፣ ኅዳር 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማሬ፤

ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ እግዚአብሔር ቤትዎንም እንግዶችዎንም ይጠብቅ። ደብዳቤዎን ለፀጋይ አነበብኩለት። ሦስቱን ባለ ጠርዝ «ተዋቸው፣ ሐሰት ናቸው» አለ። ሦስቱን ባለ «ዘ» «እውነት ሊሆኑ ይችላሉ፣ በእጄ ካልነካሁ አልምልም» አለ። ስለ ባለ ዋጋ ወረቀቱ ስነግረው ግን ራሱን ያዘ።

«ፋብሪካው የገዳሪፍን ዋጋ በምን አወቀ?» አለኝ።

እውነቱን ነው። ላስቲኩ ከወረቀቱ በኋላ ነው የመጣው። ግን «ዘ» አለው። ፀጋይ በገበያ ቤት «ዘ» አይሠራም፣ ትልቅ ማሽን ይጠይቃል ባይ ነው። እትዬ፣ ጋሼ ስንሻው ማሸጊያ ማሽን ነበራቸው? ወይስ ማሽን ያለው ሰው ያውቁ ነበር? ይህ ከታወቀ ሌሎቹን መለየት ይቀለናል። አንድ ገዢ በጣም ጓጉቷል። ወደ ጎንደር የሚሻገር የሚታመን ሰው ካገኙ ሦስቱን ባለ «ዘ» ብቻ ይላኩልኝ፤ ከዚያ ወደዚህ የማመጣበት መንገድ አላጣም።

አደራ፣ አይክፈቱ።

ልጅዎ ትግሉ


ጎተንበርግ፣ ታኅሣሥ 21 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማሬ፤

ደህና ነዎት? አንድ ወር ሙሉ ድምፅዎ ጠፋ። ስልኩን ስመለከተው መልእክቴ እንደደረሰ ያሳያል፤ እንደተነበበም ያሳያል። አሞዎት ይሆን? ወይስ ያስቀየምኩዎ ነገር አለ? ስለ ማሽን የጠየቅኩት ጋሼን ለመጠርጠር አልነበረም። ገዢውም በየቀኑ ይጠይቀኛል።

አንድ ቃል ብቻ ይጻፉልኝ።

ትግሉ


ገዳሪፍ፣ ጥር 14 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትግሉ፤

ሰላምታዬ ይድረስህ። ጤነኛ ነኝ፤ አንተም አላስቀየምከኝም። ሸበካውም ነበረ። ዝም ያልኩት መልሱን ስለማውቀው ነው። ማሽን ነበር ወይ ብለሃል። ማሽን አልነበረም። እኔ ነበርኩ።

ስማኝ ልጄ። ስንሻውና እስማኤል የሚባል የመተማ ሰው አሥራ አንድ ዓመት ሽርካ ነበሩ። እስማኤል እቃውን ከፖርት ሱዳን ያመጣል፤ ስንሻው ይጠግናል፣ ይሸጣል። ካርቶኖቹ በጭነት መኪና ሲንገላቱ ላስቲካቸው ይቀደዳል። የተቀደደውን ደግሞ ገበያተኛው አሮጌ ነው ብሎ አይነካውም። ስለዚህ እስማኤል ስስ ላስቲክ በጥቅል አመጣ። እኔ ያን ጊዜ እጄ የተባረከ ነበር። ያልተቀደደ አንድ ካርቶን ፊቴ አስቀምጬ፣ የሱን አስተጣጠፍ እያየሁ አጥፍና፣ ጨርቅ ጣል አድርጌ በከሰል ካውያ አጣብቀዋለሁ። ከዚያ ከፍሙ በላይ ራቅ አድርጌ ሳዟዙረው ላስቲኩ ኩምትር ብሎ ጥብቅ ይላል። ፋብሪካው «ዘ» ከሠራ እኔም «ዘ» እሠራለሁ። ማታለል አልመሰለኝም። የተቀደደ ልብስ መጣፍ ነበር የመሰለኝ።

በ1989 ዓ.ም. ፋሽጋ ላይ ሰፊ የሰሊጥ እርሻ ያለው ሰው ለልጁ አንድ ገዛ። ቤቱ ወስዶ ሲከፍተው ካሴት የለም፤ በጋዜጣ የተጠቀለለ የጡብ ስባሪ ነው ያለው። ተመልሶ መጥቶ በገበያው ሁሉ ፊት ጡቡን ባንኮኒው ላይ ወረወረው። ስንሻው «እስማኤል ነው እንዲህ አድርጎ ያመጣው» አለ። እስማኤል ደግሞ «የሚታሸገው ማን ቤት ነው?» አለ።

የዚያን ዕለት ስንሻው ቤት ገብቶ «ማሬ፣ ያንን ካርቶን አንቺ ነሽ የሸፈንሽው?» ብሎ ጠየቀኝ። ፊቱ አስፈራኝ። «አልሸፈንኩትም» አልኩት። በዚያ ወር ከሃያ በላይ ሸፍኛለሁ፤ የትኛው የትኛው እንደሆነ በምን ላውቅ? ውስጡን ከፍቼ ያየሁት አንድም የለ። እሱ ግን ቃሌን አምኖ፣ ካርቶኑ እኛ ቤት አልታሸገም ብሎ በሽማግሌዎች ፊት ማለ። እስማኤል ሌባ ተብሎ ሚስቱንና ዙሌካ የምትባል ጨቅላ ልጁን ይዞ ከሰላ ገባ። ስንሻው እስኪሞት ስሙን አላነሳም። እኔም አላነሳሁም።

ባለፈው መስከረም ዙሌካ ቁጥሬን ከሰው አግኝታ የድምፅ መልእክት ላከችልኝ። «አባቴ ደክሟል። የሚጠራው የናንተን ስም ነው። እባክዎ ይምጡና ይቅር ተባባሉ» ትላለች። ጓዳውን የከፈትኩት እንግዲህ ለሰሀር ማረፊያ ብዬ ብቻ አልነበረም። የምይዘው ነገር ፈልጌ ነው።

ልጄ፣ የምሄደው ይቅርታ ልጠይቀው ነው ወይስ ይቅር ልለው? ጡቡን እሱ ከትቶት ከሆነ ይቅር የምል እኔ ነኝ። የወደቡ ሻጮች ከትተውት ከሆነ ሁላችንም ተታለን በከንቱ ተጣላን። ስንሻው ከትቶትስ ከሆነ? 

እንዲህ አሰብኩ። ሰባቱን ብንከፍት፣ ፋብሪካ ባሸገው ውስጥ ጡብ ከተገኘ ነገሩ ከባሕር ማዶ መጣ ማለት ነው። እኔ በሸፈንኩት ውስጥ ከተገኘ ግን ከኛው መሐል ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የኔን ከፋብሪካው ለይልኝ። እኔ በማጉያ መነጽር ሁሉ አየሁት፤ አልለይ አለኝ። የራሴን እጅ!

አሁን ዋጋውን ተወው። ይህንን ብቻ ንገረኝ።

ማሬ


ጎተንበርግ፣ ጥር 18 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለተከበሩ እትዬ ማሬ፤

እግዚአብሔር ልብዎን ያረጋጋልኝ። ደብዳቤዎን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ለፀጋይ ላንብብለት ወይስ ልተው ብዬ ሁለት ቀን አመነታሁ፤ ከዚያ አነበብኩለት። 

«በካውያ የተሠራ ‹ዘ› በዕድሜዬ አይቼ አላውቅም» አለ። ቀጠለና «አሁን አራቱንም አላምናቸውም። ግን እሳቸው ‹ዘ› ብቻ ከሠሩ፣ እኔ ሐሰት ያልኳቸው ሦስቱ የማን ናቸው?» ብሎ ጠየቀኝ። ምናልባት ሌላ ፋብሪካ በጠርዝ ያሽግ ይሆናል አለ። ምናልባት ፖርት ሱዳን ላይ ሌላ ሰው አሽጓቸው ይሆናል አለ። የድሮ ጌሞች ዝርዝር ያለበትን መጽሐፉን ገልጦ አየ፤ መልሶ ከደነው። ሰውየው የሚያውቀውን ሁሉ አጠፋንበት መሰለኝ።

እትዬ፣ እኔም የምናዘዘው አለ። አይክፈቱ ያልኩዎ ለእርስዎ ብቻ አስቤ አልነበረም። ባለቤቴ ራሄል ጎንደር ሆና አራተኛ ዓመቷን ይዛለች። ላምጣት ስል የኢሚግሬሽን ሰዎች ሰፋ ያለ ቤት ይኑርህ ይሉኛል፤ እኔ የምኖረው በአንድ ክፍል ነው። ያ ገዢ ሲጓጓ በልቤ መጋረጃ ሁሉ ሰቅዬ ነበር። ለራሄልም ነግሬያታለሁ። የልብዎን ጭንቀት ሳላውቅ የላስቲክ ስፌት ስጠይቅዎ ከረምኩ፤ አፈርኩ።

ከዚህ ሆኜ ልለይልዎ አልችልም። ፀጋይም አይችልም። ባለ ዋጋ ወረቀቱ የእርስዎ እጅ ነው፤ በእርግጠኝነት የምናውቀው ያንን ብቻ ነው። ልጅ ነኝና ከደፈርኩ ይቅር ይበሉኝ፤ ጡቡን ማን ከተተው የሚለው አንድ ነገር ነው፣ «አልሸፈንኩትም» ያሉት ደግሞ ሌላ ነገር ይመስለኛል። ሁለተኛውን ለማወቅ ካርቶን መክፈት አያስፈልግም።

ቢከፍቱም ባይከፍቱም አልቀየምም።

ልጅዎ ትግሉ


ከሰላ፣ የካቲት 12 ቀን 2017 ዓ.ም.

ለልጄ ለትግሉ፤

ሰላምታዬን ከዙሌካ ቤት ነው የምልክልህ። ያልከኝ ነገር ሲከነክነኝ ሰንብቶ፣ ሐሙስ ዕለት በአውቶቡስ ተነሳሁ። በየኬላው ውረዱ፣ ውጡ፣ ከረጢት ፍቱ ነው። ስድስቱን ካርቶን ሳልከፍት እቤት ተውኩ፤ ወደ ጎንደር የሚሄድ ሰው ስለተገኘ ሰሀር ትሰጥልሃለች። ለገዢው እውነቱን ንገረው። አንዳንዱን ማሬ የምትባል የገዳሪፍ ሴት በካውያ ሸፍናዋለች፣ የትኛውን እንደሆነ ራሷም አታውቅም በለው። ይህን ሰምቶ የሚገዛ ከተገኘ ለራሄል ቤት ይሁን። ካልተገኘም ባንተው እጅ ይቀመጥ።

ባለ ዋጋ ወረቀቱን ግን እኔ ይዤው መጣሁ። የእጄ ሥራ መሆኑ የታወቀው እሱ ብቻ ነው፤ እሱን ፊቱ አስቀምጬ «ሸፋኟ እኔ ነበርኩ» ልለው ነበር።

ዙሌካ ከረክሻው፣ ከባጃጁ ማለቴ ነው፣ ሳልወርድ በር ላይ ተቀበለችኝ። የእናቷን መልክ ነው የወሰደችው። ወደ ውስጥ ሳልገባ እዚያው ቆሜ ሁሉንም ነገርኳት፤ ስለ ካውያው፣ ስለ ጡቡ፣ ስለ ዋሸሁት ቃል። ትቆጣለች ብዬ ጠበቅኩ። አልተቆጣችም።

«አባቴ ስለ ጡቡ አንድ ቀን ‹እኔ ነኝ የከተትኩት› ይላል። በማግሥቱ ‹ስንሻው ነው› ይላል። አንዳንዴ ደግሞ ‹የምን ጡብ?› ይለኛል። እኔ የትኛውን ልያዝ እማማ?» አለችኝ።

«ከመቼ ጀምሮ ነው እንዲህ የሆነው?» አልኳት።

«መርሳት ከጀመረ ሦስት ዓመት ሆነው። መልእክቱን የላክሁት በራሴ ነው፤ እሱ አላዘዘኝም። ስማችሁን ሲጠራ አላስችል ብሎኝ ነው።»

ወደ ግቢው ገባሁ። ሃያ ስምንት ዓመት ሙሉ የፈራሁት ሰው ግቢው ውስጥ ጥላ ሥር በገመድ አልጋ ላይ ተቀምጧል። ጢሙ ነጥቷል፣ ሰውነቱ አልቆ የልጅ ያህል ሆኗል። ሲያየኝ ፊቱ በራ።

«የስንሻው ሚስት! ማሬ!» አለ። ስሜን አልረሳውም።

ጉልበቱን ስሜ ተቀመጥኩ። «እስማኤል፣ ያን ጊዜ ዋሽቻለሁ። የምሸፍነው እኔ ነበርኩ። አንተ ሌባ የተባልከው በኔ ቃል ነው። ይቅር በለኝ» አልኩት። ይህን ለመናገር አውቶቡስ ውስጥ ሳጠናው ነው የመጣሁት። እሱ ግን የሚያየው ከረጢቴን ነበር። እጁን ሰደደና ካርቶኑን አወጣው። ገልብጦ «ዘ»ዋን በአውራ ጣቱ ዳሰሳት። ከዚያ እኔም ዙሌካም ሳንደርስበት በጥፍሩ ፈልቅቆ ላስቲኩን ሸረከተው።

 ጡብ ነው አልኩ። ከውስጥ የወጣው ካሴት ነው፤ ጥቁር፣ የሚያብለጨልጭ፣ ማንም ያልነካው። መመሪያው ወረቀት እንደተጣጠፈ አለ። እስማኤል አሸተተውና ሳቀ።

«አዲስ ነው! ፖርት ሱዳን ላይ ስንት ተከራክሬ ነው ያመጣሁት!» አለ።

እኔ የሸፈንኩት ካርቶን ውስጥ እውነተኛ እቃ ነበረ። ታዲያ ያኛው? አላውቅም። ዙሌካም አታውቅም። ሁለታችን ተያየን፤ እኔ ልስቅ ነው ልበል፣ ላለቅስ ነው ልበል፣ አሁንም አልገባኝም። ይቅር ብሎኛል ብዬ እንዳልጽፍልህ ይቅር የሚለውን አያውቀውም። አላለኝም ብዬ እንዳልጽፍ እጄን ይዞ አልለቅ ብሎኛል።

ካሴቱን ደረቱ ላይ አድርጎ ወደ በሩ አየ።

«ስንሻው የት ቀረ?» አለኝ።

እውነት ልናገር ብዬ ይህን ሁሉ መንገድ መጥቼ፣ ትግሉ ልጄ፣ አፌን ከፍቼ ያልኩት ይህንን ነው፦

«ሱቁን እየዘጋ ነው። ይመጣል።»

ራሱን ነቀነቀ። ደስ አለው። «ዙሌካ፣ ለስንሻው ወንበር አምጪለት» አለ።

ዙሌካ ዓይኗን ጠርጋ ተነሳች፤ አመጣችለትም።

ማሬ